ስለ «ያልተቋጨ ጥሪ»፦ ከርቀት ጥሪ ጋር የተያያዙ ስያሜዎች

በአማርኛ «የቁራ መልእክተኛ» የሚባለው ተልኮ ሳይመለስ፣ የሄደበትም ጉዳይ ይፈጸም አይፈጸም ሳይታወቅ የሚቀር ሰው ነው። ኮምፒዩተሮች በልዩ ልዩ ቦታ ሆነው አንድን ሥራ ተከፋፍለው ሲሠሩ የሚደርሰው ችግርም ይህንኑ ይመስላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የችግሩን ጠባይ ገልጸን፣ ተርጓሚው ሊለያቸው የሚገቡትን ጽንሰ ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንድ ኮምፒዩተር በሌላው ላይ የሚገኘውን ተግባር በራሱ ውስጥ እንዳለ አድርጎ የሚያሠራበት ዘዴ «የርቀት ጥሪ» ይባላል። ስለ ዘዴው አሠራር በሰፊው ከሚታወቁት ጥናቶች አንዱ አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ተባብረው የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች፣ ከትምህርት ቤቶች አደረጃጀት ቃሉን በመዋስ፣ «ጉድኝት» ቢባሉ ይስማማል። ለ«ጠሪ» አንጻር «ተጠሪ» ማለት ቢቀናም፣ ቃሉ ለወኪልነትና ለኃላፊነት ስለ ተያዘ «ተቀባይ» የተሻለ ነው።

ጠሪው መልስ ሲያጣ ከአራት ነገሮች አንዱ ሆኗል፦ ጥያቄው በመንገድ ጠፍቷል፤ ደርሶ ሥራው ገና አላለቀም፤ ተቀባዩ ሥራውን ሳይፈጽም ቆሟል፤ ወይም ሥራው ተፈጽሞ መልሱ በመመለሻው ጠፍቷል። ለጠሪው ግን አራቱም አንድ ዝምታ ናቸው።

ለምሳሌ በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኢታንግ ያለ የእህል መጋዘን፣ አዲስ አበባ ወዳለ ጉድኝት በሳተላይት ጥሪ ይልካል እንበል። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለ ሳተላይት በኩል ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። የመጠበቂያው ገደብ ከዚህ ካነሰ፣ ጉድኝቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ጥሪው ሁሉ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ በመስኮቱ ላይ «አልተሳካም» የሚል ቃል ቢወጣ ሠራተኛው ጥሪውን ይደግማል፤ አንድ ኩንታልም ሁለት ጊዜ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ እጅግ ብዙ የሱዳን ስደተኞች ተጠልለውባት ለነበረችው ኢታንግ፣ የእህል ዕደላ መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ አማርኛ በጋምቤላ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም፣ የኢታንግ ሰው አፉን የሚፈታው በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ ወይም በኦፖኛ ነው። ስለዚህ ስያሜው ያለ ትርጓሜ ሊገባ ይገባዋል።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

1. ያልተቋጨ ጥሪ፦ ውጤቱ ገና ያልታወቀ ጥሪ። «የከሸፈ ጥሪ» የሚባለው ግን ሥራው እንዳልተፈጸመ የተረጋገጠበት ብቻ ነው።

2. የመጠበቂያ ገደብ፦ ጠሪው መልስ የሚጠባበቅበት ጊዜ ወሰን። ገደቡ ሲያልፍ የሚያበቃው የጠሪው ትዕግሥት እንጂ የተቀባዩ ሥራ አይደለም።

3. ቢደገም የማይለውጥ፦ «የቤተሰቡን ቁጥር 6 አድርግ» የሚል ትእዛዝ ቢደጋገም ውጤቱ አንድ ነው፤ «አንድ ኩንታል ቀንስ» የሚለው ግን በተደገመ ቁጥር ይቀንሳል።

4. የጥሪ መለያ ቁጥር፦ ጥሪው በተደገመ ጊዜ ተቀባዩ ያው የቀድሞው መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት።

የችግሩም ፍለጋ በእነዚሁ ስያሜዎች ይመራል። ባለሙያው ጥሪውን ከመድገሙ በፊት፣ ጥያቄው መውጣቱን ከጠሪው መዝገብ፣ መድረሱንና መፈጸሙን ከተቀባዩ መዝገብ በመለያ ቁጥሩ ያጣራል። ደርሶ ካልተፈጸመ፣ ሁለት ሥራዎች አንዱ የያዘውን ሌላው እየጠበቀ እንዳይሆን ይመረምራል። ተፈጽሞ ከተገኘ ግን የሚያስፈልገው መልሱን እንደገና መላክ ብቻ ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው ዝምታን «ውድቀት» ብሎ ቢተረጉም፣ መኪናው ያላለውን ማናገሩ ነው። የቁራ መልእክተኛ ቀረ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም።