የዓሊ ቢራ ጊታርና የአርሲ ደጋ

ከአዳማ ተነስቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ በሚወጣ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ዓሊ ቢራን ሳይሰማ ቢወርድ ይገርመኛል። ሹፌሩ የካሴት ዘመን ሰው ይሁን በፍላሽ ሙዚቃ ያደገ ወጣት ለውጥ የለውም። ረዳቱ ሒሳብ እየተቀበለ ግጥሙን አብሮ ይላል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ እናት ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። ዓሊ ግን የአርሲ ልጅ አይደለም።

ግንቦት 18 ቀን 1939 ዓ.ም. የተወለደው ድሬዳዋ ነው፤ ስሙም ዓሊ መሐመድ ሙሳ። ከተማዋ ባቡር ከጅቡቲ የሚገባባት፣ የየመንና የሱዳን ዜማ የሚሰማባት፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ የሚነገርባት ነበረች። በኋላ በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ዘፍኗል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ «አፍረን ቀሎ» ከተባለው የወጣቶች ቡድን ጋር ተቀላቀለ። እዚያ የዘፈነው የመጀመሪያው ዘፈን «ቢራ» የሚል ቅጽል አተረፈለት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አብሮት ዘለቀ።

በኦሮምኛ የሚዘፍን ዘመናዊ ቡድን በዚያን ጊዜ በመንግሥት ዓይን በጥርጣሬ የሚታይ ነበር። አፍረን ቀሎ ተበተነ፤ አባላቱ ታሰሩ። ዓሊ ወደ ጅቡቲ ቢሻገርም ተይዞ ተመለሰ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያወጣው አልበም በኦሮምኛ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

ይህ በአርሲ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው «ካዱ» የሚለው፣ በአሰላ ዙሪያ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍል ነበር። ትራክተር ያዋጣል ያሉ ባለርስቶች ደግሞ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሱት። ያ ጭሰኛ አቤት ሲል ቋንቋው ኦሮምኛ የፍርድ ቤት ቋንቋ ስላልነበረ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው። የትምህርት ቤትም የጋዜጣም ቋንቋ አልነበረም፤ «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው ሙሉ ባንድ አስከትሎ በቤትህ ቋንቋ ሲዘፍንልህ፣ ዘፈኑ የፍቅር ቢሆንም እንኳ፣ ከፍቅር ያለፈ ነገር ይነግርሃል። ዓሊን ከሌሎች ድምፃውያን የምለየው በዚህ ነው።

ሙዚቃው ራሱም ለአርሲ ጆሮ ባዕድ አልነበረም። ዓሊ ጊታርም ዑድም ይጫወት ነበር። ድምፁ አይጮኽም፤ ከንግግር ብዙ ሳይርቅ ይጀምርና መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ክሩ ቀጥሎ ይመልስለታል። የአርሲ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአቴቴ ሥርዓት ሲዘምሩም አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሲንቄ ሙሽራዋ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው፤ ጠብ በተነሳ ጊዜ በዚያ በትርና በዜማ መሐል ገብተው ያስታርቃሉ። ያን ተቀባይ በጊታር ክር ተክቶ የሚመጣ ዘፋኝ እነሱን ለማስለመድ ብዙ አይቸገርም።

በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ የበቀለው ብሉዝም የሚኖረው በዚሁ ድምፅ አውጥቶ ክር በማስመለስ ነው። የማሊው ዓሊ ፋርካ ቱሬ፣ የኒያፉንኬው ገበሬና ጊታር ተጫዋች፣ የጆን ሊ ሁከርን ዘፈን ሲሰማ የራሱ አገር ሙዚቃ መስሎት ነበር። እሱም እንደኛው ዓሊ በብዙ ቋንቋ ዘፈነ። ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር ያወጣው አልበም የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ ዓለም «የበረሃ ብሉዝ» ብሎ ስም አወጣለት። የድሬዳዋው ዓሊ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣለት አላገኘም። የኢትዮጵያን የድሮ ሸክላዎች ለዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ለእሱ ሙሉ ሲዲ የሰጠው በ28ኛው ቅጹ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዘግይቷል እላለሁ፤ ተከታታዩ ሲጀምር በሸክላና በካሴት ብዙ ሥራ ነበረው።

ዓሊ ረጅም ዘመን በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ ኖሯል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በኋላም አገሩ ገብቶ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ ከተማው ነው።

ከሞቱ በኋላ ስለ ታላቅነቱ ብዙ ተባለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በስልክ የሚዞሩት ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ ርዕሳቸው እንኳ የተሳሳተ ነው፤ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ጊታሩን ማን መታ፣ የት ተቀረጸ የሚል አብሮ አይመጣም። ዓሊ ስመ ጥር ስለሆነ ቢያንስ ስሙ ተርፏል። በሳጉሬና በበቆጂ አቴቴ የሚያወጡ አሮጊቶች ስማቸውም አልተጻፈም። ዛሬ አሰላ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪዎቹ መቅረጫ ይዘው ወደ ቀበሌዎቹ ቢወጡ፣ ከእያንዳንዱ ዜማ ጋር የባለቤቷን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ቢጽፉ፣ የካሴቶቹንም ሽፋን እየፈለጉ አንድ በአንድ ቢመዘግቡ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። መጀመር ያለበትም አሮጊቶቹ በሕይወት ሳሉ፣ በዚህ ዓመት ነው።