ያውቁ ኖሯል? የተተካ ዳሌ በራጅ ሲለካ

የዳሌ መገጣጠሚያ ከተተካ በኋላ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ምን እየፈለገ ይሆን? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

• ፕላስቲክ በራጅ አይታይም። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ኳስን ከጠንካራ ፕላስቲክ ኩባያ ጋር ማጣመር የጀመሩት በ1962 ነው። ኩባያው በፊልም ላይ እንዲለይ ቀጭን የሽቦ ምልክት ይደረግበት ነበር።

• የተተካውን መገጣጠሚያ ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው የአጥንት ሲሚንቶም ብቻውን በራጅ አይታይም። ነጭ ሆኖ የሚወጣው ባሪየም ሰልፌት ወይም ዚርኮኒየም ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ነው።

• ራጅ ሲነሡ ባለሙያው እግርዎን ወደ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ የሚያዞረው በምክንያት ነው። የጭን አጥንት አንገት በተፈጥሮው ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ፣ እግሩ ካልዞረ አንገቱ አጥሮ ይታያል።

• ራጅ አካልን አጉልቶ ያሳያል። የተተካው ኳስ ትክክለኛ ስፋት ግን ስለሚታወቅ፣ በፊልሙ ላይ ያለው ኳስ ራሱ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል።

• የእግሮች ርዝመት እኩል መሆኑም በዚሁ ፊልም ይለካል። በዳሌ አጥንት ግራና ቀኝ የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ሐኪሙ የሁለቱን ግርጌ በመስመር ያገናኝና፣ ከዚያ እስከ ጭን አጥንት ትንሹ ጉብታ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል ያነጻጽራል።

• በ1978 ሌዊኔክና ባልደረቦቹ ለኩባያው የሚመከር አቀማመጥ አወጡ፤ ወደ ጎን ከ30 እስከ 50 ዲግሪ፣ ወደ ፊት ደግሞ ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ያዘንብል አሉ። ከዚህ የወጡት ይበልጥ ሲወልቁ አይተዋል።

• ወደ ፊት ያለው ዝንባሌ ከአንድ ጠፍጣፋ ፊልም እንዴት ይታወቃል? ሲኒን በትክክል ከጎን ቢያዩት አፉ መስመር ይሆናል፤ ዘንበል ሲያደርጉት ሞላላ ይሆናል። የኩባያው ጠርዝም እንዲሁ ነው፤ የሞላላው ስፋት ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ዲግሪው ይወጣል።

• ይኸው ሞላላ ግን ኩባያው ወደ ፊት ያዘንብል ወይ ወደ ኋላ አይናገርም። ስለዚህ ከጎን የሚነሣ ሁለተኛ ራጅ ያስፈልጋል።

• ጨረሩ ያነጣጠረበት ቦታም ልኬቱን ይለውጣል። በዳሌው መሀል ሲያነጣጥርና በተተካው መገጣጠሚያ ላይ ሲያነጣጥር የአንዱ ኩባያ ሞላላ ይለያያል። ለንጽጽር የሚነሡ ራጆች በአንድ ዓይነት አነሣሥ መነሣት ያለባቸው ለዚህ ነው።

• የዲግሪው ልክ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት ካያቸው የወለቁ ዳሌዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኩባያቸው በዚያው በሚመከረው ክልል ውስጥ ነበር።

• አንዱ ምክንያት ዳሌ ባለበት የማይቆይ መሆኑ ነው። ስንቀመጥ ዳሌያችን ወደ ኋላ ይዞራል፤ ኩባያውም አብሮት አቅጣጫ ይለውጣል። ይህን ለውጥ ለማየት ሰውን ቆሞም ተቀምጦም ራጅ የሚያነሣው ኢኦኤስ የተባለው መሣሪያ የተሠራው በ1992 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ጆርጅ ሻርፓክ ከፈለሰፉት የጨረር መቀበያ ተነሥቶ ነው።

• ኳሱ ከኩባያው መሀል ወደ ላይ ከተጠጋ ፕላስቲኩ እየተበላ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። በብረቱና በአጥንቱ መካከል የሚታይ ጥቁር መስመር እየሰፋ ከሄደ ደግሞ መላላት ይጠረጠራል። መስመሩ የት እንዳለ ለመናገር ሐኪሞች የኩባያውን ዙሪያ በ3፣ ኳሱን ተሸክሞ ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባውን የብረት ዘንግ ዙሪያ ደግሞ በ7 ክፍል ይከፍሉታል።

• ስዊድናዊው ዮራን ሴልቪክ በሉንድ በ1974 ባቀረቡት ዘዴ ታንታለም ከተባለ ብረት የተሠሩ ጥቃቅን ጥራጥሬዎች አጥንት ውስጥ ይቀበራሉ። በሁለት ራጅ በአንድ ጊዜ ሲነሡ የተተካው መገጣጠሚያ መንሸራተት ከሚሊሜትር ያነሰ ቢሆን እንኳ ይታወቃል።

• ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፊልም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያ የተነሣው ነው። የጥቁሩ መስመር መስፋት፣ የብረቱ መስመጥና መዞር ሁሉ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው። ፊልሙ በእጅዎ ከተሰጠዎት አይጣሉት፤ ሕመም ባይኖርዎትም በየቀጠሮው ይዘውት ይሂዱ፤ ብረቱ ሕመም ሳይሰማዎትም ሊላላ ይችላልና።