አቀንጭራን የማይቀሰቅሰው ማሽላ እንዴት ይሠራል?

የፈልሳፊዎች የትውልድ ቤት ሙዚየም ሲሆን፣ ጎብኚው የሚያየው የሠሩትን መሣሪያ ነው። የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን ፈጠራ መረዳት የሚፈልግ ግን ራያ ውስጥ፣ ዋጃና ቆቦ አካባቢ ባለ የማሽላ ማሳ ቢቆም ይሻለዋል። የታገሉት ጠላት፣ ጥገኛው አረም አቀንጭራ፣ እዚያ አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል።

ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ1950 ምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ፣ አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ተወለዱ። ለትምህርት እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ዓርብ ይመለሱ ነበር። በጅማና በዓለማያ ተምረው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ማሽላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ አይለይም። አንድ እግር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይበቅልም። ስንቁ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አጠገቡ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ በቅሎ በጥቂት ቀን ይሞታል። ስለዚህ ምልክት ይጠብቃል።

ምልክቱን የሚሰጠው ማሽላው ራሱ ነው። ፎስፈረስ ያጣ ማሽላ ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል። ይህም ሥሩ ላይ ኖረው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ጎረቤት ይድረስልኝ ብሎ የጮኸን ሰው ድምፅ ሌባ እንደሚሰማው፣ ጥሪውን አቀንጭራም ይሰማዋል። በቅሎ ሥሩ ላይ ይጣበቅና ውሃውንም ምግቡንም ይመጠምጣል። ገበሬው የአቀንጭራውን ሐምራዊ አበባ በሚያይበት ጊዜ ማሽላው ከመሬት በታች ለሳምንታት ሲበዘበዝ ቆይቷል።

ገቢሳና የሥራ ባልደረባቸው ላሪ በትለር ነገሩን በዓይን የሚታይ አደረጉት። በግልጽ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ አጋር ውስጥ የአቀንጭራ ዘር ይበተናል፤ አጠገቡ አንድ የማሽላ ፍሬ ይተከላል። ከቀናት በኋላ አቀንጭራው ከሥሩ ምን ያህል ርቆ እንደበቀለ በማስመሪያ ይለካል። በአንዳንዱ ዝርያ ሩቅ ያለው ሁሉ ይነቃል፤ በሌላው ሥሩን የነካው እንኳ እንደተኛ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ማሽላ አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ምልክት እጅግ አሳንሶ የሚለቅ ነው። እንዲህ ካሉት መርጠውና አዳቅለው ያወጧቸው ዝርያዎች አገራችን ገብተዋል። አንዱ አብሽር ሲባል፣ ሌላው ከቆቦ በስተደቡብ ካለችው ከተማ ጋር ስም የሚጋራው ጎብዬ ነው።

ጎብዬና አብሽር ቶሎ ይደርሳሉ፤ የበልጉ ዝናብ ሲቀር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁመታቸው ግን አጭር ነው። ለራያ ገበሬ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ስለሆነ ረጃጅሞቹን የአካባቢ ዝርያዎች ጅጉርቲንና ደጋሊትን መውደዱ ትክክል ነው። ተመራማሪውም ይህን ፍላጎት ከምርቱ እኩል ሊያከብረው ይገባል።

ዝርያው ብቻውንም አይበቃም። ፍግና ማዳበሪያ ያገኘ ማሽላ ጥሪውን ይቀንሳል። አቀንጭራ ማሾ ላይ ስለማይኖር ማሳውን በየተራ ማሾ መዝራት ይረዳል። የበቀለውን ደግሞ ዘር ሳይዝ መንቀል ነው፤ ዛሬ የሚረግፈው ዘር ከአሥር ዓመት በኋላ ማሳውን የሚረከበውን ልጅ ይጠብቀዋልና።