ተጨማሪ መረጃ፦ ዝቅተኛ የነዳጅ ግፊት በተሻሻለ አሮጌ ሞተር
በካርቡሬተር ይሠራ የነበረ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ኢንጀክተር ሲገጠምለት፣ ቀድሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ይበቃው የነበረው የነዳጅ ግፊት ወደ 3 ባር ገደማ ከፍ ማለት ስለሚኖርበት፣ ለአነስተኛ ግፊት የተሠሩት ነባር ቱቦዎች፣ ማጣሪያዎችና ሽቦዎች የችግር ምንጭ ይሆናሉ። ግፊቱ ሲያንስ ፓምፑን ወዲያውኑ መለወጥ የችኮላ ፍርድ ነው፤ በቀጭን ወይም በዛገ ሽቦ ምክንያት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ከቀነሰ ጤነኛ ፓምፕም ተገቢውን ፍጥነት አያገኝም። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፓምፑ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ከ1 ቮልት ከበለጠ ሽቦው፣ ሪሌውና ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው መስመር) ይፈተሻሉ።

ቮልቴጁ ትክክል ከሆነ፣ ትርፍ ነዳጅን ወደ ታንክ እየመለሰ ግፊቱን የሚወስነው የግፊት መቆጣጠሪያ ይመረመራል። የመመለሻው ጎማ ለአፍታ በጥንቃቄ ጠበብ ሲደረግ ግፊቱ ከጨመረ፣ መቆጣጠሪያው ከሚገባው በላይ ነዳጅ እያሳለፈ ነው፤ ካልጨመረ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ፣ ወደ ማጣሪያው ወይም በታንኩ ዝገት ወደተደፈነው የመሳቢያ ወንፊት ይዞራል። መቆጣጠሪያው በቀጭን ቱቦ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ግፊቱ በግማሽ ባር ገደማ ዝቅ ማለቱ ብልሽት አይደለም።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የአየር ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ከታንኩ በላይ የተገጠመ ፓምፕም በነዳጅ ፈንታ እንፋሎት ሊስብ ስለሚችል፣ ከታንኩ በታች ወይም በውስጡ መገጠሙ ይመረጣል።