የብርሃን ሰይፍ በቀርከሃ እጀታ

ጭጋግ በሚበዛበት ማለዳ በእንጅባራ ዋና መንገድ ዳር ቆሞ የሚመጣን አውቶቡስ የተመለከተ ሰው፣ ከፊት መብራቶቹ ሁለት ነጫጭ የብርሃን ዘንጎች ተዘርግተው ሳያይ አይቀርም። ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ ግን ያው አውቶቡስ መብራቱን እንዳበራ ቢመጣ ዘንጎቹ የሉም። ብርሃን በአጠገባችን ሲያልፍ አናየውም፤ የምናየው ወደ ዓይናችን የገባውን ብቻ ነው። በጭጋጉ ውስጥ የተንሳፈፉት ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ብርሃኑን ከመንገዱ እያወጡ በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው ዘንጉ ከጎን የሚታየን። በሣር ቤት ውስጥ የምድጃ ጭስ በጣራው ሽንቁር የገባውን የፀሐይ ጨረር የሚያሳየንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ቀላል እውነታ በዚህ ጽሑፍ ለምናነሣው ጉዳይ ቁልፍ ነው። የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ፊልም በ1977 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ከበቃ ወዲህ የብርሃን ሰይፍ በዓለም ዙሪያ የወጣቶችን ልብ የገዛ ዕቃ ሆኗል። እጀታው ሲነካ አንድ ሜትር የሚያህል ቀይ ወይም ሰማያዊ የብርሃን ስለት ይወጣል፤ ሲወዘወዝ ያጉረመርማል። ተማሪዎች «እንዲህ ያለ ሰይፍ ሊሠራ ይችላልን?» ብለው ሲጠይቁን መልሳችን ሁለት ክፍል አለው። በፊልሙ እንደሚታየው ዓይነት እውነተኛ ሰይፍ ከብርሃን ሊሠራ አይችልም። ብርሃን ከአንድ ሜትር በኋላ «በቃኝ» ብሎ አይቆምም፤ የሚያስቆመው ነገር እስኪያጋጥመው ይጓዛል። ሁለት የብርሃን ጨረሮችም ቢገናኙ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል እንጂ እንደ ብረት አይጋጩም። ለመድረክ የሚሆን፣ የሚያበራና ድምፅ የሚያሰማ አምሳያ መሥራት ግን ይቻላል፤ ያውም በአካባቢያችን በሚገኝ ዕቃ።

ፊልም ሠሪዎቹም ቢሆኑ ችግሩን በአንድ ጊዜ አልተወጡትም። መጀመሪያ በመንገድ ምልክቶች ላይ እንደምናየው ዓይነት ብርሃን መላሽ ሽፋን የተለበጠ ዘንግ በትንሽ ሞተር እያሽከረከሩ ቀረጹ። ውጤቱ ደካማ ስለነበር በኋላ በፊልሙ ላይ ምስል በምስል፣ በእጅ እየተሣለ ፍካቱ ተጨመረ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የተከታታዩ ሰባተኛ ፊልም ላይ ነው በውስጣቸው ኤልኢዲ የተደረደረባቸው፣ በተዋንያኑ ፊት ላይ እውነተኛ ብርሃን የሚጥሉ ሰይፎች በቀረጻ ቦታ የዋሉት።

ስለ እጀታው ያለው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጀግናው የያዘው እጀታ በፋብሪካ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ሮጀር ክርስቲያን የተባለው ባለሙያ ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መደብር ያገኘው ግራፍሌክስ የተባለ የቆየ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነው። ይህም ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች እንዲይዝ የተሠራ ቱቦ ነበር። እንግዲህ ያ በሚሊዮኖች የተደነቀ ሰይፍ የተወለደው ከተጣለ ዕቃ ከሆነ፣ የእኛ ከቀርከሃ ቢወለድ ምን ይገርማል?

የደጋ ቀርከሃ በአዊ ዞን፣ በተለይም በእንጅባራ ዙሪያ በብዛት ይበቅላል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው በከተማዋ መንገድ ዳር ሲሸጥ የምናየው ነው። በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ክፍል በተፈጥሮው ባዶ ቱቦ ነው። አራት ቀጫጭን ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሲቀመጡ 10 ሳንቲሜትር ርዝመትና 3 ሳንቲሜትር ያህል ወርድ ስለሚይዙ፣ የውስጥ ስፋቱ ከዚህ ጥቂት የሚበልጥ፣ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ቀርከሃው በሚገባ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። በዚህ ረገድ ከመጽሐፍ ይልቅ የቀርከሃ ሠራተኞቹን መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንለፍ። የምንጠቀመው ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ወይም በተለምዶ ኤልኢዲ የሚባለውን ነው። ብዙ ጀማሪዎች ኤልኢዲን እንደ ትንሽ አምፖል ይቆጥሩትና በቀጥታ ከባትሪ ድንጋዩ ጋር ያገናኙታል። አምፖል ቮልቴጁ በጥቂቱ ቢጨምር ጅረቱም በጥቂቱ ይጨምራል። በዳዮድ ውስጥ ግን ከተወሰነ ቮልቴጅ በላይ ጥቂት ጭማሪ ጅረቱን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል፤ ብልጭ ብሎ ለዘለዓለም መጥፋትም አለ። ስለዚህ ጅረቱን የሚገታ ሬዚስተር ከእያንዳንዱ ኤልኢዲ ጋር በተከታታይ መግባት አለበት።

የሬዚስተሩን መጠን ለማግኘት ኤልኢዲው ራሱ የሚወስደውን ቮልቴጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም እንደ ቀለሙ ይለያያል። 1240ን በናኖሜትር ለተለካ የሞገድ ርዝመት ብናካፍል የአንዱን ፎቶን ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። ለቀዩ 630 ናኖሜትር ብንወስድ 1.97፣ ለሰማያዊው 465 ናኖሜትር ብንወስድ 2.67 ይሆናል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ዳዮዱን ሲሻገር ቢያንስ ይህን ያህል ኢነርጂ ማምጣት ስላለበት፣ ቀዩ ኤልኢዲ በ2 ቮልት ገደማ ሲሠራ ሰማያዊው ወደ 3.1 ቮልት ይጠይቃል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ቀዩን በደንብ እያበራ ሰማያዊውን የሚያደክመው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ቀዩን የሚታይ ኤልኢዲ ኒክ ሆሎንያክ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሠራ፣ ደማቁ ሰማያዊ እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ለዚህ የደከሙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመጀመሪያው ፊልም ሲቀረጽ ሰማያዊውን ሰይፍ በኤልኢዲ ለማብራት ማንም ቢመኝ ኖሮ ዕቃው ገና በዓለም ላይ አልነበረም።

አራቱ ድንጋዮች በተከታታይ ሲገናኙ 6 ቮልት ይሰጣሉ። ለአንድ ተራ ኤልኢዲ 20 ሚሊአምፒር ጅረት ይበቃዋል። ለቀዩ፣ ከ6 ላይ 2 ቀንሰን የቀረውን 4 ቮልት ለ0.02 አምፒር ስናካፍል 200 ኦም እናገኛለን፤ በገበያ የሚገኘው ተቀራራቢ 220 ኦም ነው። ለሰማያዊው 2.9 ለ0.02 ተካፍሎ 145 ስለሚሆን 150 ኦም ይውሰዱ። የቀዩ ሬዚስተር የሚያጠፋው ኢነርጂ ግን ያሳዝናል፤ ከ6 ቮልቱ 4ቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁለት ቀይ ኤልኢዲዎችን በተከታታይ አገናኝተን አንድ 100 ኦም ብንሰጣቸው በያው ጅረት ሁለት መብራት እናገኛለን። ይህ ብልሃት ለሰማያዊው ለምን እንደማይሠራ አንባቢ ራሱ ያስላው። አንድ ሬዚስተር ለብዙ ጎን ለጎን ለተገናኙ ኤልኢዲዎች ማካፈል ግን አይመከርም፤ በቮልቴጅ ጥቂት ዝቅ ያለው ከድርሻው በላይ ጅረት ይስባል።

ስለቱ ከመብራቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ የጭጋጉን ሥራ የሚሠራልን ነገር ስለሚያስፈልግ። ለጥራዝ ሽፋን የሚያገለግለውን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሦስት ቅጠል እየቀጣጠልን በቱቦ መልክ ብንጠቀልለው ወደ 85 ሳንቲሜትር ርዝመት እናገኛለን። በውስጡ ስስ ነጭ ወረቀት እናስገባለን፤ ብርሃኑን የሚበትነው እርሱ ነው። ስድስት ኤልኢዲዎች ከእጀታው አፍ ላይ ወደ ላይ እንዲያዩ ሆነው ይቀመጣሉ። ይህን የሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጉድለት ስለቱ ከሥሩ ደማቅ፣ ከጫፉ ደብዛዛ መሆኑን ነው፤ ወረቀቱ ብርሃኑን ገና ከሥሩ በትኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የታችኛውን ሲሶ ያለ ወረቀት በሻካራነት ብቻ፣ ማለትም ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ፈግፍጎ መተው፣ ጫፉን ደግሞ በማስቲካ ብርማ ወረቀት መድፈን ይረዳል፤ ጫፍ የደረሰው ብርሃን ተመልሶ ይበተናልና። ከዚህ የተሻለ እኩል ፍካት የሚፈልግ በስለቱ ርዝመት ሙሉ የኤልኢዲ ጥብጣብ ይዘረጋል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት ጥብጣብ በሜትር 60 ኤልኢዲ ሲኖረው 0.4 አምፒር ያህል ይወስዳል፤ በእኛ 6 ቮልት ግን አይሠራም።

የተቃጠለ ፍሎረሰንት አምፖልን ለስለትነት ማሰብ ቀላል ነው፤ ቅርጹ ይጋብዛል። ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መስታወቱ ስስ ነው፣ በውስጡም ሜርኩሪ አለ። ሌዘርንም እንዲሁ፤ በጎን አይታይም፣ የተመልካችን ዓይን ግን ይጎዳል።

ድምፁን ለፊልሙ የፈጠረው ቤን በርት ነው። የሥራ ፈት የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተር ጉርምርምታንና ማይክሮፎኑ ከቴሌቪዥን የምስል ቱቦ የለቀመውን ጥዝታ አዋሕዶ ሠራው። የእኛን ጉርምርምታ ለመምረጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ በምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ትራንስፎርመር ሥር ጸጥ ባለ ሰዓት ቆሞ ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሹ በሰከንድ 100 ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት አለው፤ የትራንስፎርመሩ ብረት በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ እጅግ በጥቂቱ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ድምፁ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ድምፅ 555 ታይመር የተባለው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ይሰጠናል። ሐንስ ካመንዚንድ የነደፈው ይህ ቺፕ በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቦ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ጎድጎድ ያለውን ጫፉን ወደ ላይ አድርገን ስንይዘው 1ኛው እግር ከላይ በስተግራ ነው፤ ቁጥሩ በግራ ወርዶ በቀኝ ይወጣል። 8ኛውና 4ኛው ከፖዘቲቭ፣ 1ኛው ከኔጋቲቭ ይገናኛሉ። በ8ኛውና በ7ኛው መካከል 1 ኪሎኦም፣ በ7ኛውና በ6ኛው መካከል 68 ኪሎኦም ሬዚስተር ይገባል። 6ኛው ከ2ኛው ጋር ይያያዛል፣ ከ2ኛው ወደ ኔጋቲቭ ደግሞ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይገባል። ድምፁ ከ3ኛው እግር በ100 ኦም ሬዚስተርና በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ፖዘቲቩ ወደ ቺፑ) አልፎ ከአሮጌ ሬዲዮ በተፈታ ስፒከር ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። ድግግሞሹን ለማስላት የመጀመሪያውን ሬዚስተርና የሁለተኛውን እጥፍ እንደምራለን፤ ድምሩን በካፓሲተሩ መጠን አባዝተን 1.44ን ለውጤቱ እናካፍላለን። በእኛ ቁጥሮች 105 ይመጣል፤ ከትራንስፎርመሩ ብዙም አይርቅም።

ሰይፉ ሲወዘወዝ ድምፁ መለወጥ አለበት። ብዙዎች ይህ በዶፕለር ክስተት በራሱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እናስላው። አንድ ሜትር የሚያህል ሰይፍ በግማሽ ሰከንድ ግማሽ ክብ ቢዞር ጫፉ 3.14 ሜትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ የድግግሞሹ ለውጥ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ 100 የነበረው 102 ቢሆን ነው። በዳንግላ በኩል በሰዓት 80 ኪሎሜትር እየከነፈ የሚያልፍ አውቶቡስ ጥሩንባ ሲቀርብ በ7፣ ሲርቅ በ6 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ጆሯችን ወዲያው የሚያውቀው። የእኛ ስፒከር ደግሞ ከጫፉ ሳይሆን ከእጀታው ስላለ ፍጥነቱ ከዚያም ያንሳል። በርት ድምፁን በስፒከር እያሰማ ማይክሮፎን በፊቱ እያወዛወዘ ነበር እንደገና የቀረጸው። በእኛ አመለካከት ከዚያ የምንሰማው ውዝዋዜ አብዛኛው የሚመጣው ማይክሮፎኑ ሲቀርብና ሲርቅ ከሚፈጠረው የድምፅ መጉላትና መድከም ነው።

ስለዚህ ለውጡን እኛው ራሳችን ማጋነን አለብን። የስክሪፕቶ ሽቦ ጥቅል በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ በመካከሉ ምስማር ሳይነካው ይቆም። ሰይፉ በኃይል ሲወዘወዝ ጥቅሉ ተጎንብሶ ምስማሩን ይነካል። ይህን ማብሪያ ከ220 ኪሎኦም ጋር በተከታታይ አገናኝተን በ68 ኪሎኦሙ ጎን ብናስገባው፣ በተነካ ቁጥር ድግግሞሹ ከ105 ወደ 137 ይዘላል። ጥቅሉ እየነጠረ ስለሚነካ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጸጋ እንቁጠረው። በውጭ አገር የሚሸጡት ሰይፎች በዚህ ፈንታ በሞባይል ስልክ ውስጥ እንዳለው ዓይነት የፍጥንጥነት መለኪያና ድምፅ የሚያጫውት ማይክሮኮንትሮለር ይዘዋል። ተማሪ ወደዚያ መሄዱን አንቃወምም፤ ሁለተኛውን ሰይፍ ሲሠራ ይሂድ። ተዘጋጅቶ የመጣ ሰርኪዩት ቢበላሽ የት እንደተበላሸ የሚያውቀው ይህን የመሰለውን በእጁ የገጣጠመ ነውና።

ባትሪን በተመለከተ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ስልክ የተፈቱ የሊቲየም ባትሪዎች ብዙ ኃይል ስላላቸው ይፈለጋሉ። መከላከያ ሰርኪዩት የሌለው፣ ያበጠ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ሊቲየም ባትሪ በእጅ በሚያዝና በሚወዘወዝ ቱቦ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከተነካኩ ይቀጣጠላል። ተራዎቹ አራት ድንጋዮች ለአንድ የመድረክ ምሽት ከበቂ በላይ ናቸው። 3 ዋት የሚሆን ትልቅ ኤልኢዲ የተጠቀመ ደግሞ ኤልኢዲውን ከአሮጌ ድስት በተቆረጠ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ያስር፤ ቀርከሃ ሙቀትን ከአሉሚኒየም ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ባነሰ መጠን ስለሚያስተላልፍ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሁሉም ነገር ወደ እጀታው ከመግባቱ በፊት በጠረጴዛ ላይ ተገጣጥሞ ይሞከር፤ መጀመሪያ አንድ ኤልኢዲ፣ ቀጥሎ ስድስቱ፣ ከዚያ ድምፁ ለብቻው፣ በመጨረሻም ሁለቱ በአንድነት። የእጀታው የታችኛው ጫፍ በማጣበቂያ አይዘጋ፤ በቀርከሃው ልክ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ ይበቃዋል፤ ድንጋዮቹ የሚለወጡት በዚያ በኩል ነው።