የዘንጉ ጫፍ ሲነቃነቅ

በሀዲያ ዞን ሻሾጎ ወረዳ፣ በቦዮ ሐይቅ ዳርቻ መንጠቆ ጥሎ ለሚቀመጥ ሰው ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል። ከሥር ግን ቆሮሶው ትሉን በከንፈሩ ይነካል፣ ይቀምሳል፣ ካልተመቸው መልሶ ይተፋዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ምልክቱን ያላየ ሰው ወይ ባዶ መንጠቆ ያወጣል፣ ወይ መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው የዋጠ ዓሣ ይጎትታል።

ምልክቱን የሚያሳየው የዘንጉ ጫፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መንጠቆ የጣለው የአጥር እንጨት በሚያህል ደንዳና ዘንግ ነበር። ግማሽ ቀን ተቀምጦ ትሉን ሁሉ ዓሣ በላበት እንጂ ጫፉ አንድም ጊዜ ሲነቃነቅ አላየም። ዓሣ አልጠፋም፤ የጠፋው ዓሣው መምጣቱን የሚናገር ጫፍ ነበር።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለአካባቢያችን ትርጉም አለው። የሀዲያና የከምባታ ገበታ በእንሰት ላይ የቆመ ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ በመሆኑ አብሮት የሚቀርብ ነገር ይፈልጋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ዓሣን ማካተቱ ይታወሳል። ውሃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በምሥራቅ በቢላቴ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኘው ቦዮ አለ። በምዕራብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ በኦሞ ሸለቆ ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐይቅ ፈጥሯል። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ዙሪያ የዓሣ ኩሬ የቆፈረ አርሶ አደርም ኩሬውን ሳያደፈርስ ለአንድ ምሳ የሚሆን ዓሣ ለማውጣት ከመንጠቆ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም።

ለሁሉም ዓሣ አንድ ጫፍ አይሆንም

ቆሮሶ ትንሽ አፍ ያለውና በጥንቃቄ የሚነካ ዓሣ ነው። ለእሱ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ፣ ትንሽ ጉተታ የሚያጎብጠው ጫፍ ነው። ጫፉ ደንዳና ከሆነ ዓሣው ክብደቱ ይሰማውና ትሉን ይተፋል።

አምባዛ በተቃራኒው ከሥር የሚሄድ፣ በጢሙ ዳስሶ የሚመገብና አመሻሽና ሌሊት የሚበረታ ዓሣ ነው። ሲበላ ይጎርሳል፣ ጎርሶም ይሄዳል። ለእሱ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ ጫፍ ይሻላል፤ ለስላሳው ጫፍ ምልክቱን ቢያሳይም ዓሣውን ለመቆጣጠር አቅም ያጣል። አምባዛ ዘንጉን ጎትቶ ሊወስድ ስለሚችልም እጀታውን መሬት ላይ በተተከለ ችካል ማሰር ያስፈልጋል።

ቢልጫ በአብዛኛው በሚፈስ ውሃ ይገኛል። በወንዝ ላይ ጫፍ የሚመረጠው በዓሣው ብቻ ሳይሆን በውሃው ፍጥነትም ነው። ፍሰቱ ብቻውን ጫፉን እስከ መጨረሻው ካጎበጠው ለዓሣው ምልክት የሚተርፍ ነገር የለም። ደንቡ አጭር ነው፤ በለስላሳው ይጀመራል፣ ነፋሱ ወይም ፍሰቱ ካሸነፈው አንድ ደረጃ ጠንከር ወዳለው ይኬዳል። ትክክለኛው ጫፍ ክሩ ሲወጠር ጥቂት ብቻ ጎበጥ ብሎ የሚቆየው ነው።

ከከተማ የፋብሪካ ዘንግ የሚገዛ ሰው ስለ ሥሪቱ ይጠይቅ። የመስታወት ጭረት፣ ማለትም ፋይበር ግላስ ጫፍ ይበልጥ ለስላሳ በመሆኑ ለሐይቅና ለኩሬ ይስማማል። የካርቦን ጫፍ ጠንከርና ፈጠን ያለ ስለሆነ ለወንዝ ይመረጣል።

በሾርባ ማንኪያ መለካት

በውጭ አገር የሚሠሩ አንዳንድ ጫፎች ላይ ጫፉን የሚያጎብጠው ክብደት በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ለሚሠራ አርሶ አደር ግን መለኪያው ከማድ ቤቱ አይጠፋም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ 15 ግራም ያህል ይመዝናል። የዘንጉን እጀታ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመያዝ ውሃ የተጨመረበት ትንሽ ፌስታል ጫፉ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። በሁለት ማንኪያ ውሃ ፊት ለፊት ያለው አንድ ስንዝር በግልጽ ከጎበጠ ጫፉ ለቆሮሶ ይሆናል። ለመጉበጥ ስድስት ማንኪያ የሚጠይቅ ከሆነ ለአምባዛና ለፈሳሽ ውሃ ይቀመጥ።

ቀርከሃ በተፈጥሮው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ለጋው ቶሎ ስለሚሰበር የበሰለውን በበጋ ቆርጦ፣ ለሳምንታት በጥላ ሥር አጋድሞ ማድረቅ ይገባል። ጫፉ ከደነደነ በስለት ወይም በብርጭቆ ስባሪ ዙሪያውን እኩል መፋቅ፣ በየመሐሉም በማንኪያው መፈተን ነው። የመጨረሻውን ጣት የሚያህል ክፍል ነጭ ቀለም መቀባት በደመናና በማለዳ ለዓይን ይረዳል። ሌሊት ለአምባዛ የሚቀመጥ ሰው ትንሽ ቃጭል ጫፉ ላይ ቢያስር ጆሮው ዓይኑን ይተካለታል።

እንቅስቃሴውን ማንበብ

ማዕበልና ነፋስ ጫፉን በእኩል ምት ያወዛውዙታል። የዓሣ ምልክት ግን ያንን ምት ይሰብራል። ጫፉ ትንሽ ተርገብግቦ ካቆመ ዓሣው እየቀመሰ ነውና መታገስ ይበጃል። ጎበጥ ብሎ ሳይመለስ ከቆየ ግን ጊዜው ደርሷል፤ ዘንጉን ሳይወረውሩ ቀለል አድርጎ ማንሳት ይበቃል። ብዙዎች የሚስቱት ሦስተኛው ምልክት ነው። ጎብጦ የነበረው ጫፍ በድንገት ቀጥ ብሎ ክሩ ከላላ፣ ዓሣው መንጠቆውን ይዞ ወደ ዳር እየመጣ ነው።

በሐይቅ ላይ ዘንጉን ከክሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ አለማስተካከል ይመከራል። ወደ ጎን ዞር ብሎና ጫፉ ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ጉተታው በቀጥታ ጫፉ ላይ ያርፋል። በወንዝ ላይ ደግሞ ፍሰቱ ክሩን እንዳይዘው ጫፉ ከፍ ይላል።

ለጫጩቱ ዓሣ የሚተርፈው

የጫፉ ጥቅም ዓሣ በማብዛት ብቻ አይለካም። ምልክቱ በጊዜ ከታየ መንጠቆው የሚይዘው ከንፈር ነው። ከንፈሩ የተያዘ ትንሽ ዓሣ በእርጥብ እጅ ተይዞ ሲለቀቅ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ምልክቱ ከዘገየ ግን ዓሣው መንጠቆውን ይውጠዋል፤ ጉሮሮው ተቀዶ የተመለሰ ጫጩትም አድጎ አይራባም። መንጠቆ ለዋጠ ትንሽ ዓሣ ከመጎተት ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ መመለስም መልካም ልማድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። በዚያ ወቅት እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ላይ የመውደቅ ዕድሏ ትንሽ ነው። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ግን እናቷንም፣ በአፏ ያለውንም፣ የዓመት ዕድሜ የሌለውንም አንድ ላይ ጠርጎ ያወጣል። በዝናብ ወራት አምባዛ ጎርፍ ወደተኛበት ዳርቻ፣ ቢልጫም ወደ ወንዞች ለመራባት ሲወጡ በብዛት መያዝ ቀላል ነው፤ የሚያጎድለው ግን የመጪውን ዓመት ነው።

ይህ ማለት መንጠቆ በማኅበር ለተደራጁ አስጋሪዎች መረብን ይተካል ማለት አይደለም። ለቤት ፍጆታ ለሚያሰግረው ግን በትንሽ ወጪ የሚገኝ አማራጭ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማስገርን በሥርዓት ለመምራት የወጣ በመሆኑ ከመጀመር በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ወረዳዎችም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሦስት ዓይነት የቀርከሃ ጫፍ አዘጋጅተው ቢያሳዩ፣ የልማት ሠራተኞችም የተያዘውን ዓሣ ዓይነትና ርዝመት በደብተር ቢመዘግቡ፣ ሐይቁ እየሰጠ ወይስ እየደከመ መሆኑን ከገማች ይልቅ መዝገቡ ይነግራቸዋል።

በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ማንሳት ያሻል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ በኦሞና በጊቤ ዳርቻም አዞ አለ። ዓይን ጫፉ ላይ ሲተከል ዙሪያው ይረሳልና ብቻን አለመሄድ፣ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ መመለሻ መንገዱንም በቀን ማየት ያስፈልጋል። “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” ይባላል። በመንጠቆ የሚያሰግር ሰው ግን በጭፍን መጎርጎር አይጠበቅበትም፤ ከውሃው በታች ያለውን የሚነግረው ጫፍ በእጁ አለ።