ያላየውን ያየ ምስክር

ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ ሁለት መኪና የተጋጨ እንደ ሆነ፥ ትራፊክ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ሕዝቡ ከቦ «እንዴት ቢበር ነው እንዲህ የተላተመው!» ይባባላል። እኛ ይህችን «ተላተመ» የምትባል ቃል እንደ ቀላል ነገር አንመለከታትም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ለ45 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልሞች አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቁ። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሉ፥ «ሲነካኩ» የተባሉት 51 አሉ። ያዩት ግን ያንኑ ነው! በሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስተዋት አይታችኋልን?» ቢባሉ፥ «ተላተሙ» የሚለውን ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አዎን አሉ፤ ስለ ፍጥነት ጨርሶ ካልተጠየቁት 50 ደግሞ 6ቱ ብቻ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ውሸታምማ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ውሸታምን መስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጠዋል። ያላየውን አየሁ ብሎ ከልቡ የሚያምነውን ግን መሐላ አያርመውም፤ ባንድ ምስኪን ሾፌር ላይ እስራት ቢያስፈርድም ኅሊናው አይወቅሰውም።

የኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም. ሲታወጅ፥ በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ ለምስክር እንዳይቀርብ በቁጥር 137 ከልክሏል። ይህ ከጥናቱ አስቀድሞ መደንገጉ ያስደንቀናል። ዳሩ ግን ክልከላው በችሎት ውስጥ ነው፤ ምስክሩ ችሎት ከመቆሙ በፊት በአቃቂ ጎዳና ዳር «ተላተመ» ሲባል ሰምቶ፥ ማታውኑ በጠጅ ቤት ደጋግሞ ተርኮታል።